«የፓስፖርቴን ፎቶ በቴሌግራም ልኬ ነበር፤ የካምፓኒው ሠራተኛ ከፍቶ ያየዋል እንዴ?» ላልሽው

እህቴ፣ አየው አይባልም፤ ማየት ይቻላል ወይ ካልሽ ግን አዎ።

እኔ የአንድ ምግብ አድራሽ አፕ ደንበኞች አገልግሎት ላይ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ትንሽ ካምፓኒ ነበር። ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ቀን የአድሚን ገጽ ተከፈተልኝ። ስልክ ቁጥር ስታስገቢ የሰውየው ስም፣ የቤቱ አድራሻ፣ ማታ ማታ ምን እንደሚያዝ ሳይቀር ዝርግፍ ይላል። ለምን ከፈትክ የሚል ሰው የለም። አንዱ ባልደረባዬ የቀድሞ እጮኛውን ቁጥር አስገብቶ አዲሱን ሰፈሯን ሲያይ አጠገቡ ነበርኩ። እየሳቀ ነው ያሳየኝ። ዝም አልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ትልልቆቹ ጋም ሰው ሰው ነው። አሊ አልዛባራህ የሚባል የትዊተር ኢንጂነር እ.ኤ.አ. በ2015 ከ6,000 በላይ አካውንቶችን ለሳዑዲ መንግሥት ብሎ በርብሯል ተብሎ ተከሷል። ሲነቃበት ሳዑዲ ገባ። አብሮት የተከሰሰው ሌላው የትዊተር ሠራተኛ አህመድ አቡአሞ ግን በ2022 አሜሪካ ውስጥ ተፈረደበት። ከሳዑዲዎቹ ከተቀበላቸው ነገሮች አንዱ ውድ የእጅ ሰዓት ነበር! በዚያው ዓመት የቲክቶክ ባለቤት ባይትዳንስም ሠራተኞቹ የጋዜጠኞችን መረጃ ማየታቸውን አምኗል። የካምፓኒውን ወሬ ለጋዜጠኞቹ ማን እንዳሾለከላቸው ሲያጣሩ ነው አሉ።

ወደ ፎቶሽ ስመለስ፣ ነገሩ ያለው የተላከውን መልእክት ከፍቶ የሚያነበው ቁልፍ ማን እጅ ላይ ነው የሚለው ላይ ነው። ዋትሳፕ ላይ ቁልፉ አንቺና የምትጽፊለት ሰው ስልክ ውስጥ ነው፤ ካምፓኒው የተቆለፈ ነገር ተሸክሞ ያደርሳል። ለማን፣ መቼ እንደላክሽ ግን ያውቃል። ባክአፕሽንም (ተቀድቶ የሚቀመጠውን ቻትሽን) ለብቻው መቆለፍ አለብሽ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ተራው ቻት ሰርቨሩ ላይ፣ ማለት የካምፓኒው ኮምፒውተር ላይ፣ ይቀመጣል፣ ቁልፉም እነሱ ጋ ነው። እኛ ሀገር «ቴሌግራም አይነካም» የሚባለው ከየት እንደመጣ አላውቅም። እንደ ዋትሳፕ የሚቆለፈው ሲክሬት ቻት ብቻ ነው፤ እሱም ራስሽ ካልከፈትሽው አይከፈትም፣ ለሁለት ሰው ብቻ ነው። የሰውየውን ፕሮፋይል ገብተሽ ሦስቷን ነጥብ ስትነኪ ታገኚዋለሽ። ግሩፕ ላይ የለም፤ ይሄ የኛም ግሩፕ ቢሆን።

ለጊዜው ፎቶዋን ከሁለታችሁም በኩል አጥፊያት። የላክሽለት ሰው ጋለሪው ላይ ካስቀመጣት ግን ቴሌግራም ምንም አይረዳሽም። ደውለሽ አጥፋልኝ በይው።