እብነ በረድ የመሰለ እንቁላል፦ ጥያቄና መልስ

እንቁላል ስለማዥጎርጎር ከጎንደር ሰፈሮች ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ።

«ቢጫና ሰማያዊ ተጠቅሜ ዝንጉርጉር መሆኑ ቀርቶ ወጥ አረንጓዴ ሆነብኝ። ምን አጥፍቼ ነው?» (ከማራኪ)

ዘይቱን ብዙ መትተሽዋል። እኔም መጀመሪያ ቀን ስድስት እንቁላል ያበላሸሁት በዚሁ ነው። የተቀቀለውን እንቁላል ቢጫው ውስጥ ንከሪና በደንብ ይድረቅ። ከዚያ አንድ ኩባያ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሰማያዊ የምግብ ቀለም፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶና 1 ማንኪያ ዘይት ጨምሪ። በሹካ አንዴ ብቻ ነካ አድርጊው። ዘይቱ ተበታትኖ ሲንሳፈፍ እንቁላሉን አንከባለሽ ቶሎ አውጪና በሶፍት ጥረጊው። ዘይት ያረፈበት ቦታ ሰማያዊውን አይቀበልም፤ ቢጫው እንደ ደም ሥር ብቅ ይላል፤ ሌላው አረንጓዴ ይሆናል። ደግሞ ከቅዳሜ ገበያ ስትገዢ ነጣ ነጣ ያሉትን ምረጪ። ቡናማ ቅርፊት ላይ ቢጫው ይደበዝዛል።

«በጥፍር ቀለም የሠራሁትን ልጆቹ ቢበሉትስ?» (ከአዘዞ)

ኧረ በፍጹም! ቅርፊቱ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው። ለጥፍር ቀለም ባዶ ቅርፊት ይበቃሃል። ሁለቱን ጫፍ በመርፌ ብሳና እፍ ብለህ ውስጡን አውጣ፤ የወጣው ለቁርስ ይጠበሳል። በሚጣል ኩባያ ውኃ አድርገህ ሁለት ሦስት ጠብታ ጣል፣ በስቴኪኒ ጎተት አድርገውና ሳይደርቅ ንከር። መስኮት ክፈት። ከሰል ከተቀጣጠለበት ራቅ፤ ቶሎ እሳት ይይዛል።

«ልጄ፣ ቀለም መግዛት አልፈልግም። ቤት ባለው ነገር አይሆንም?» (ከአራዳ፣ አንዲት እናት)

እማማ፣ የርስዎን ጥያቄ ነው የወደድኩት። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሲከተፍ ልጣጩን አይጣሉት። ያርጥቡትና ጥሬውን እንቁላል ይጠቅልሉበት። ከዚያ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ሸፍነው፣ በክር ጥብቅ አድርገው አስረው ይቀቅሉት። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃችን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ 15 ደቂቃ ይስጡት። ሲፈቱት ቡናማውና ብርቱካናማው እርስ በርሱ ተደበላልቆ ያገኙታል። ወጡ ውስጥ ለሚገባው ግን አይድከሙ፤ መላጡ አይቀርም።

«ስንት ቀን ይቆያል?» (ከፒያሳ)

የተቀቀለው ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት። ለጌጥ ተብሎ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ የዋለውን አትብሉት። ባዶው ቅርፊት፣ ድመት ካላገኘችው፣ ዓመትም ይቆያል።