መልስ፦ ከመሀል ሜዳ ሳይወጡ ሲፒዲ (ለጤና ባለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚቆጠር ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ)

እህቴ፣ «ስልጠና ሁሉ ከተማ ነው፣ ተረኝነቴን ጥዬ እንዴት ልሂድ?» ያልሽው የሁላችንም ጥያቄ ነው። እኔም ደብረ ሲና አካባቢ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው።

መጀመሪያ ከጤና ሚኒስቴር የኦንላይን ኮርሶች ጀምሪ። ኔትወርክ ካስቸገረሽ ማታ ሞክሪው፤ እኔ ከአራት ሰዓት በኋላ ነው የሚሳካልኝ። ፊት ለፊት ለሚሰጠው ደግሞ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሥራት ወልደየስ ግቢ ጠይቂ፤ አዲስ አበባ ድረስ ከመንከራተት ይሻላል።

ከመመዝገብሽ በፊት ግን አሰልጣኙ ተቋም የሲፒዲ ዕውቅና እንዳለው፣ ኮርሱም ስንት ነጥብ እንደሚይዝ አጣሪ። አንዴ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጬ የወሰድኩት ሰርተፊኬት ለፈቃድ እድሳት አልተቆጠረልኝም። በጣም ነው ያበሳጨኝ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ክሊኒካል መመሪያው ነው። የመመሪያው ስልጠና የተነደፈው እዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ እንዲሰጥ ነው። እኛ ሐሙስ ጠዋት አንድ የታካሚ ታሪክ አንስተን፣ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ገጽ በገጽ እንከተላለን። ባለፈው ሳል የማይለቃቸው አንድ እናት ጉዳይ ነበር። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ታካሚው ለቲቢ የአክታ ምርመራ መላክ እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን፤ ያን ዕለት ግን ካርዳቸውን ስናገላብጥ ማንም አልላካቸውም ነበር። በማግስቱ አስጠራናቸው።

የጤና ጣቢያችሁን ኃላፊ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ጠይቂልኝ። እሺ ካሉሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ እንዴት እንደጀመርን በዝርዝር እነግርሻለሁ።