«የናፍጣ ጠባዩ ነው?»

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ከቡራዩ መልእክት ላከልኝ። ከአጎቱ ያገኛትን በፈረንጆቹ የ1983 ሞዴል የሆነች ቶዮታ ሴሊካ በየቀኑ ወደ ሥራ ይነዳል። ሞተሯ የራሷ አይደለም፤ ከዓመታት በፊት ቤንዚኑ ወጥቶ የሃይሉክስ ናፍጣ፣ ቱ ኤል የሚባለው፣ ገብቶላታል። ስለ ዘይት ጠየቀኝ፣ ስለ ጎማ ጠየቀኝ፣ ስለ ጭሱ ጠየቀኝ። መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ እንዲህ ብሏል፦ «ጋሼ፣ መንገድ ሲጨናነቅ አንዳንዴ ፍሬኑ ይጠጥርብኛል። የናፍጣ ጠባዩ ነው?»

ስልኩን አስቀምጬ ከጋራዡ ወጣሁ። ይህንን ጥያቄ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ ያኔ የሰጠሁትንም መልስ አልረሳሁትም። ስለዚህ ለእሱ የምጽፈውን ሌሎቻችሁም እንድታነቡት ፈለግሁ።

በ1989 ዓ.ም. ሱሉልታ ላይ ጋራዥ ከከፈትኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ የብየዳ ማሽን፣ ሁለት ረዳት ልጆች ነበሩኝ። አንድ ወጣት መምህር ቀይ ሴሊካ በገመድ አስጎትቶ መጣ። ሞተሩ ነክሶ ቆሟል። ሱሉልታ የተከራየው ቤት ስለሚረክስ ነው፤ የሚያስተምረው ግን ከተማ ውስጥ ስለሆነ ጠዋት ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራን ሁለት ሳምንት አስሶ ለቤንዚኑ ሞተር መለዋወጫ አጥቷል። እኔ ደግሞ ከተገለበጠ ሃይሉክስ የወረደ ደህና ቱ ኤል ነበረኝ። ናፍጣ ያኔ ከቤንዚን ይረክሳል። «ይገባል ወይ?» አለኝ። «ይገባል» አልኩት።

እውነት ለመናገር፣ ሥራውን የፈለግሁት ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ሴሊካ ለእኛ ዘመን ልጆች ተራ መኪና አልነበረችም። በፈረንጆቹ 1984፣ 1985 እና 1986 ተከታትላ የኬንያን ሳፋሪ ራሊ ስታሸንፍ እኔ ገና ቁልፍ አቀባይ ነበርኩ፤ ከጋዜጣ የተቆረጠ ፎቶዋን መሣሪያ ሳጥኔ ክዳን ላይ ለጥፌ ነበር። እንደዚያች ያለች መኪና በእጄ ስትገባ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሞተሩ የሚቀመጥበትን እግር ራሴ ቆርጬ በየድኩ። የዘይት ኮፓው ከታች ካለው አግዳሚ ብረት ጋር ስለተጋጨ ከፍቼ ቅርጹን ለወጥኩት። ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ቶርኖ ቤት ወስጄ አሳጠርኩ። ሁሉንም በጥንቃቄ ሠራሁ፤ ከአንድ ነገር በቀር።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። ቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ የካርቡራተሩ በር ስለሚያፍነው ከበሩ በታች መምጠጥ ይፈጠራል። የፍሬኑ ሰርቮ፣ ከፔዳሉ ፊት ለፊት ኮፈን ውስጥ ያለው ያ ክብ ጥቁር ቆርቆሮ፣ እግራችሁን የሚያግዘው በዚያ መምጠጥ ነው። ናፍጣ ግን በአብዛኛው እንደ ልቡ ይተነፍሳል፤ አየሩን የሚያፍንበት በር ስለሌለው ሰርቮውን የሚመጥጥለት ነገር የለም። ለዚህ ነው በቱ ኤል ዲናሞ ጀርባ ላይ ትንሽ የቫኪዩም ፓምፕ የተገጠመችው። ዲናሞው ሲዞር አብራ ትዞራለች፤ ዘይት ከሞተሩ በቀጭን ቱቦ ይመጣላታል። ከእሷ ወደ ሰርቮው የሚሄድ ሌላ ቱቦ አለ። ፍሬናችሁ ያለው በዚያ ቱቦ ላይ ነው።

የሃይሉክሱ ቱቦ ለሴሊካዋ አጠረ። ወፍራም፣ ውስጡ ክር ያለው የቫኪዩም ቱቦ ለማምጣት መርካቶ መውረድ ነበረብኝ። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ መምህሩ ሰኞ ክፍል ይገባል፤ ግድግዳዬ ላይ ስስ የውሃ ላስቲክ ተንጠልጥሏል። ለጊዜው ብዬ ከሱ ቆረጥኩና በሁለት ፋሸታ፣ በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት፣ አሰርኩት። ለጊዜው ያልኩት አምስት ወር ቆየ።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ማታ ከሥራ ሲመለስ ጎራ አለ። ከጭነት መኪና ሥር ተኝቼ ስለነበር ፊቱን አላየሁም። የታዩኝ ጫማዎቹ ናቸው፤ ጥቁር፣ ጫፋቸው በጠመኔ አቧራ የነጣ። «ጋሼ፣ አዲሱ ገበያ አካባቢ መንገድ ሲዘጋጋ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆንብኛል። መኪናዋ ስትበርድ ይተዋታል። የናፍጣ ጠባዩ ነው?» አለኝ።

ከሥር አልወጣሁም። «አዎ፣ ናፍጣ ከበድ ይላል፤ ጠንከር አድርገህ ርገጠው» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ።

ሲሞቅ እንጂ ሲበርድ የማይታይ ችግር መሆኑን ራሱ ነግሮኝ ነበር። ከዚያ በላይ ምን ይበለኝ? አንድ ደቂቃ ብነሳ ኖሮ አገኘው ነበር።

የካቲት ላይ፣ ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የሚያወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ከፊቱ የተጫነ አይሱዙ ነበር። ሁለቴ ሲረግጥ ፍሬኑ ታዘዘለት፤ ሰርቮው ውስጥ የቀረችው ትንሽ መምጠጥ ለዚያ በቃች። ሦስተኛው ላይ ፔዳሉ አልወርድ አለ። መሪውን ወደ ተራራው በኩል ሰብሮ ቦይ ውስጥ ገባ። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ።

መኪናዋን ወደ እኔ ጎትተው አመጧት። ኮፈኑ ተጣሞ ስለነበር በብረት ፈልቅቄ ከፈትኩት። ረዳቶቼ ምሳ ወጥተዋል። ቱቦውን በጣቶቼ ያዝኩት። ከጭስ መውጫው ብረት አጠገብ ባለፈበት ቦታ በሙቀት ለስልሶ፣ መምጠጡ ሁለቱን ጎኖቹን አጣብቆ፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ ጠፍጣፋ ሆኗል። አንዱን ጫፍ አፌ ላይ አድርጌ ነፋሁበት። አያሳልፍም።

ቆርጬ ኪሴ ከተትኩት። ማታ ቤት ስገባ ከሰል ምድጃው ውስጥ ጨመርኩት። ባለቤቴ «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለችኝ፤ ምንም አይደለም አልኳት።

ሆስፒታል ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እንዳሉኝ ጠንክሬ አልረገጥኩም መሰለኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ «አይዞህ» አልኩት። ሌላ ነገር አልተናገርኩም። መኪናዋን የእጅ ዋጋ ሳልቀበል ጠገንኩለት፣ ትክክለኛውን ቱቦ ገጠምኩ። እናቱ ድፎ ዳቦ ጋግረው ጋራዡ ድረስ መጡና «እንዳንተ ያለውን ያብዛልን» ብለው መረቁኝ። ዳቦውን ልጆቹ በሉት። እኔ መቅመስ አልቻልኩም።

ሙያውን ያስተማረኝ ሰው ጣሊያኖች ጋራዥ ያደገ ነበር። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ፋሸታ የምንለው ሁሉ ከነሱ የቀረ ነው። የጠመንጃ መፍቻ እጀታ ጆሮው ላይ ደግኖ ጫፉን ሞተሩ ላይ በማስደገፍ የትኛው ፒስተን እንደታመመ ይናገር ነበር። አክብሬው ኖሬ አክብሬው ቀብሬዋለሁ። ግን «ይህን እኔ አበላሽቻለሁ» ብሎ ለባለመኪና ሲናገር አንድም ቀን አልሰማሁም። ባለሙያነት እንደዚያ መስሎኝ አደግሁ።

መምህሩ በዓመቱ መኪናዋን ሸጦ አካባቢውን ለቀቀ፤ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም። ያኔ ያልነገርኩህን ዛሬ ልንገርህ፣ መምህር፦ እግርህ ምንም አላጠፋም። ቱቦውን የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ያቃጠልኩትም እኔ ነኝ።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ፣ ልጄ። ፍሬን መጠጠር የናፍጣ ጠባይ አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጥ፤ እየጠጠረ ይሄዳል። እግርህን ሳታነሳ አስነሳው። ፔዳሉ በእግርህ ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው እየሠራ ነው። ይህንን በብርድም በሙቅም ሞክረው፤ ያንተ ችግር የሚወጣው ሲሞቅ ነውና ጠዋት ብቻ ሞክረህ እንዳትዘናጋ። የዲናሞው ቺንጋ፣ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ከላላ ፓምፗም ትሰንፋለች፣ እሱንም እይ።

ስለ ዘይትና ስለ ጎማ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ። ስለ ጭሱ ግን የምለው አለኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ትላለች። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ አየር ሲያንሰው ነዳጁም ካልተቀነሰለት ጥቁር ያጨሳል፣ ይሞቃል። የዛሬ ልጆች ግን ስልክ ላይ ባዩት ቪዲዮ ተነስተው የናፍጣ ፖምፓውን ቡሎን ነዳጅ ወደሚጨምረው በኩል ታዞራላችሁ። ጭሱ ጉልበት ይመስላችኋል። ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ተሰንጥቆ ሲመጣ «ሞተሩ አሮጌ ነው» ትሉኛላችሁ። በጣም ትቸኩላላችሁ፣ እጃችሁ ሳይቆሽሽ ማወቅ ትፈልጋላችሁ። ደግሞ አንድ ነገር አልክድም፤ እኛ በዕድሜያችሁ አንጠይቅም ነበር፣ እናንተ ትጠይቃላችሁ።

የቱ ኤል ብሎክም ቴስታታም ብረት ስለሆነ የሴሊካ አፍንጫ ይደፋል። የፊት ሞላው ካልተጠናከረ መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ባንድ ወገን ይበላል። አሮጌ ሞተር ገዝታችሁ ስታስገቡ የታይሚንግ ቺንጋውን ሻጩ ምንም ቢምል ቀይሩት፤ 100,000 ኪሎ ሜትር ዕድሜው ነው፣ ሲበጠስ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ። የሞተር ቁጥሩንም ሊብሬው ላይ አስቀይሩ፣ አለዚያ የቦሎ ሰሞን ትጉላላላችሁ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ፣ አሮጌ መኪና ላይ ናፍጣ አስገባልኝ የሚል ወጣት በየጊዜው ይመጣብኛል። አብዛኛውን እመልሳለሁ። ስፖርት መኪና የተሠራችው ቀልላ እንድትሮጥ ነው፤ ከ4,000 ዙር በላይ ሲሉት ከጩኸት በቀር የማይሰጥ ከባድ ሞተር መጫን እሷን መበደል ነው እላቸዋለሁ። ደግሞ ያችን ቀይ ሴሊካ ለመምህሩ ከማስረከቤ በፊት ንጋት ላይ የሱሉልታን ሜዳ ይዤ የወጣሁበት ጠዋት ትዝ ይለኛል። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ናፍጣውን ለማስነሳት የሚያሞቀው ካንዴሌታ እስኪግል ጠብቄ አስነሳኋት፣ አራተኛ ማርሽ ላይ ሆና ዳገቱን ሳትጨነቅ ወጣችው። እንደዚያች የጣመችኝ መኪና ከዚያ በፊትም በኋላም አልነዳሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ናልኝ። ከተቻለህ ሰው ያምጣህ፣ መኪናዋን በጎታች አስመጣት፤ ዋጋውን እኔ እችላለሁ። የግድ ራሴ እነዳለሁ ካልክ መምጫው ዳገት ነው፣ ቀስ ብለህ በሁለተኛ ማርሽ ውጣ። የሚያስፈራኝ መመለሻው ነው። ቱቦው ተለውጦ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ፔዳሉን ሁለታችንም ረግጠን እስክናየው ድረስ ቁልፉ እኔ ጋ ይቀመጣል።