መዳቡ ምን በደለ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሦስተኛ ዓመት የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። የሙቀት ሽግግር ኮርስ ጀምረናል። ቀመሮቹን በቃሌ ይዣለሁ፤ ፈተና ላይ ግን የቱን የት እንደማስገባ ግራ ይገባኛል። በዚያ ላይ መምህራችን ‹‹ኤች›› የሚባለውን ቁጥር፣ ማለትም ሙቀት ከገጽ ወደ አየር ወይም ወደ ፈሳሽ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሻገር የሚነግረውን፣ አንዴ 10፣ አንዴ 60፣ አንዴ 2000 እያለ ይሰጠናል። ከየት ነው የሚያመጣው?

መልስ፦ አይዞህ፣ እኔም የገባኝ ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ያውም ካፈርኩ በኋላ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ አንድ ማሽን ነበር። ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ሞቆ ይወጣና በተደረደሩ የብረት ቧንቧዎች ውስጥ ያልፋል። ቧንቧዎቹ አየር ላይ ናቸው። ውሃው እዚያ ቀዝቅዞ መመለስ አለበት፤ ግን ሙቅ እንደሆነ ይመለሳል። መላ ፈልግ ተባልኩ። ሰንጠረዥ ገለጥኩ። የብረት ሙቀት የማስተላለፍ አቅም 50 አካባቢ፣ የመዳብ 400 አካባቢ። ስምንት እጥፍ! ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ቧንቧው በመዳብ ይቀየር ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ወጥቶበት ተቀየረ። ቴርሞሜትሩን ሄጄ ሳየው ንቅንቅ አላለም።

አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ምንም ሳይናገር አሮጌ ፋን ጎትቶ አመጣና ቧንቧዎቹ ፊት ደቀነው። መርፌው ወዲያው መውረድ ጀመረ። ሰውዬው ቀመር አይጽፍም። እኔ ነኝ የምጽፈው፤ ያን ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አንተም ወረቀት ያዝ።

ሙቀቱ ከውሃው ወደ አየሩ ለመድረስ ሦስት እንቅፋት ያልፋል። ከውሃው ወደ ቧንቧው ውስጠኛ ገጽ፣ ከዚያ በግድግዳው ውስጥ፣ ከዚያ ከውጭኛው ገጽ ወደ አየሩ። ለአንድ ካሬ ሜትር እንያቸው። በውሃው በኩል ኤች 2000 ቢሆን እንቅፋቱ አንድ ለ2000፣ ማለትም 0.0005 ነው። ግድግዳው 2 ሚሊሜትር ብረት ነው፤ 0.002 ለ50 ሲካፈል 0.00004። ውጭ የቆመ አየር ነው፤ ኤች 10፣ እንቅፋቱ 0.1። እስቲ እያቸው። ከ0.1 ጎን 0.00004 ምንድን ነው? እኔ የታገልኩት ከእሷ ጋር ነበር።

ውሃው ከአየሩ በ50 ዲግሪ ይሞቃል እንበል። በብረቱ ቧንቧ በካሬ ሜትር 497.3 ዋት ያልፋል። በመዳቡ 497.5። መዳቡ ምን በደለ? የሚችለውን አደረገ፤ ችግሩ እሱ ጋ አልነበረም። ፋኑ ግን ኤችን ከ10 ወደ 60 ሲያወጣው 2900 ዋት ገደማ ይሄዳል። ስድስት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው። የመኪና ራዲያተር ላይ ስስ ክንፎች የሚደረደሩትም ለዚሁ ነው፤ በአየሩ በኩል ስፋት ለመጨመር።

ስለዚህ የቱን ቀመር ብለህ ከመጨነቅህ በፊት ሙቀቱ የሚሄድበትን መንገድ በስዕል አውጣ። በጠጣር ነገር ውስጥ ሲያልፍ ኮንዳክሽን ነው፤ ፈረንሳዊው ፉርየ እ.ኤ.አ. በ1822 ያሳተመው ሕግ። ከገጽ ወደሚንቀሳቀስ አየር ወይም ፈሳሽ ሲሻገር ኮንቬክሽን ነው። በመሃል ምንም ሳይነካ በጨረር ሲሄድ ራዲየሽን ነው። አንድ ጥያቄ ውስጥ ሦስቱም ሊኖሩ ይችላሉ። እንቅፋቶቹ ተከታትለው ከመጡ እንደ ኤሌክትሪክ ሬዚስተር ደምራቸው። ትልቁ የቱ እንደሆነ ሳታውቅ ምንም አትቀይር።

ወደ ኤች ልምጣልህ። 400 የመዳብ ባሕርይ ነው፤ መዳብ የትም ይሁን የት መዳብ ነው። ኤች ግን የማንም ንብረት አይደለም። የሁኔታው ነው። አየሩ ቆሟል ወይስ ይነፍሳል? ገጹ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ክብ? ፈሳሹ ውሃ ነው ወይስ ዘይት? እነዚህ ሲቀየሩ ኤችም ይቀየራል። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1701 ስሙን ሳይጠቅስ ባወጣው ጽሑፍ የጋለ ብረት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ሲለካ፣ ብረቱን ያስቀመጠው የቆመ አየር ላይ ሳይሆን እኩል በሚነፍስ ነፋስ ላይ ነበር። ነፋሱ ከተለዋወጠ ልኬቱ ሁሉ እንደሚበላሽበት ገብቶት ነው። መምህርህ ቁጥሮቹን የሚያመጣው በሙከራ ከተገኙ ቀመሮች ነው። ጀርመናዊው ኑሰልት እ.ኤ.አ. በ1915 መንገዱን ካሳየ ወዲህ ፍጥነቱን፣ ቅርጹንና የፈሳሹን ባሕርይ አስገብተህ ኤችን ታወጣለህ። እዚያ ምዕራፍ ገና አልደረሳችሁም። እስክትደርሱ የተሰጣችሁን ተቀበሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ አንድ ነገር ጠይቆኝ መልስ አጣሁ። የበሩ እጀታ ብረት ነው፣ በሩ እንጨት ነው። ሁለቱም ያደሩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ታዲያ ጠዋት ስንነካቸው ብረቱ ለምንድን ነው የሚቀዘቅዘው?

መልስ፦ ብረቱ አልቀዘቀዘም፣ እመቤቴ። ቴርሞሜትር ቢያስነኳቸው ሁለቱም አንድ ናቸው። የቀዘቀዘው እጅዎ ነው።

ቆዳችን 33 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክፍሉ 20 ነው እንበል። ብረቱን ሲጨብጡ ከእጅዎ የሚወጣውን ሙቀት እየተቀበለ ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ እጅዎና ብረቱ የተነካኩበት ገጽ ወደ 21 ዲግሪ ይወርዳል። እንጨቱ ግን ሙቀቱን ወደ ውስጥ ማሳለፍ ስለማይችል እዚያው ላዩ ላይ ይዞት ይቀራል። ገጹ 30 አካባቢ ላይ ይቆማል። ነርቮቻችን የሚያውቁት የቆዳችንን ሙቀት ነው፤ የበሩን አይደለም።

ልጅዎ ካላመነ በተቃራኒው ይሞክር። ፀሐይ ላይ የዋለ የእንጨትና የብረት ወንበር ይንካ። የሚለበልበው ብረቱ ነው። በቀስታ ይንካ በሉት እንጂ!

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር ተከራከርን። እሱ ‹‹ሽቦ ላስቲክ ሲለብስ ይበልጥ ይቀዘቅዛል›› ይላል። ሙቀት የሚያፍን ነገር እንዴት ያቀዘቅዛል?

መልስ፦ ተበልተሃል። ጓደኛህ ልክ ነው፤ ለቀጭን ሽቦ።

ላስቲኩ ሁለት ሥራ በአንዴ ይሠራል። እንቅፋት ይጨምራል፤ ይህ ያንተ ክርክር ነው። ግን ሽቦውን ስለሚያወፍረው አየር የሚነካውን ገጽም ያሰፋል። ሽቦ ቀጭን ሲሆን የስፋቱ ጥቅም ይበልጣል። ድንበሩን ለማግኘት የላስቲኩን ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ለኤች ታካፍላለህ። 0.15 ለ10 ብንል 0.015 ሜትር፣ ማለትም 15 ሚሊሜትር ይመጣል። የለበሰው ሽቦ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 15 ሚሊሜትር እስኪደርስ ድረስ እያንዳንዱ የላስቲክ ንጣፍ ያቀዘቅዘዋል። አንተ የምትዘረጋው ሽቦ እዚያ አይደርስም።

የእንፋሎት ቧንቧ ላይ ግን ያንተ ክርክር ያሸንፋል። ለፋይበር መሸፈኛ ያው ስሌት 4 ሚሊሜትር ያህል ይሰጣል፤ ቧንቧው ገና ባዶውን ከዚያ ያለፈ ስለሆነ የምትጨምረው ሁሉ ሙቀት ይቆጥባል። አሥር ሽቦ አንድ ላይ አስረህ ግድግዳ ውስጥ ከቀበርክም ሌላ ጨዋታ ነው። እዚያ የሚነካው አየር የለማ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የራዲየሽን ጥያቄ ላይ ዜሮ አገኘሁ። ከ27 ወደ 327 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ገጽ ጨረሩ በስንት እጥፍ ይጨምራል ነው የሚለው። ቀመሩን በትክክል ነው የጻፍኩት፣ ወደ አራተኛ ኃይልም አሳድጌያለሁ። ተማሪ ነኝ፣ ተናድጃለሁ።

መልስ፦ 21 ሺህ ምናምን እጥፍ አላገኘሽም? በሴልሺየስ ስለሠራሽው ነው። በኮንዳክሽንና በኮንቬክሽን የምንጠቀመው ልዩነቱን ብቻ ስለሆነ ሴልሺየስም ኬልቪንም አንድ መልስ ይሰጣሉ፤ የለመድሽውም ያንን ነው። አንቺ የጻፍሽው የጨረር ቀመር፣ የስቴፋንና የቦልትዝማን ሕግ፣ ግን ከፍፁም ዜሮ ነው የሚቆጥረው፤ እሱም ከሴልሺየስ ዜሮ በ273 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ሁለቱም ላይ 273 ደምሪ። 300 እና 600 ይሆናሉ። እጥፍ ሆነ፤ እጥፍ በአራተኛ ኃይል 16 ነው። መልሱ 16 እጥፍ ነው። ለመምህርሽ አቤቱታ አታስገቢ።