በይነ ገጹን ከመቀየርሽ በፊት ፔሬዱን አካፍዪ

ጥያቄ፦ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ አንድ ጂ+4 የአርማታ ሕንፃ በኢታብስ (የሕንፃ ስሌት ፕሮግራም ነው) ሠርቼ የመጀመሪያው ፔሬድ፣ ማለት ሕንፃው አንዴ ወዲያና ወዲህ ለመወዛወዝ የሚወስደው ጊዜ፣ 0.62 ሰከንድ ወጣ። አማካሪዬ ያንኑ ሕንፃ በጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራው በኦፕንሲዝ ፕሮግራም ደግሜ ፑሾቨር (ሕንፃውን ቀስ በቀስ ወደ ጎን እየገፉ መፈተሽ) እንድሠራለት ጠየቀኝ። ኮድ መጻፍ ስለማልችል በአንድ ነፃ በይነ ገጽ ስዬ አስኬድኩት፤ ፔሬዱ 1.94 ሰከንድ ሆነ። የስሕተት መልእክት አላየሁም። የተበላሸው በይነ ገጹ ነው? ወደ የትኛው ብቀይር ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ በይነ ገጹን ለጊዜው ተይው። 1.94ን ለ0.62 አካፍዪ፤ 3.13 ይወጣል። እሱን በራሱ አባዢው፤ 9.8 ይመጣል። ይህን ቁጥር ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ጀምሮ ታውቂዋለሽ፤ የግራቪቲ (የመሬት ስበት) ቁጥር ነው።

ፔሬድ የሚያድገው ማስ (ግዝፈት) ለስቲፍነስ (ግትርነት) ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥር ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ስለዚህ ስቲፍነሱ ካልተነካ፣ ሁለቱን ፔሬዶች አካፍለሽ ውጤቱን በራሱ ስታባዢው የማሱን ልዩነት ታገኛለሽ። ያንቺ ሕንፃ ኦፕንሲዝ ውስጥ 9.81 እጥፍ ማስ ተሸክሟል። በሌላ አነጋገር፣ ማስ በሚጻፍበት ቦታ ክብደት በኪሎኒውተን ገብቷል።

ኢታብስ ላይ «ማስ ሶርስ» ውስጥ ዴድ ሎዱን (ቋሚውን ጭነት) እና ከላይቭ ሎዱ (ከሰውና ከዕቃ ጭነት) የሚወሰደውን ድርሻ ትመርጫለሽ፤ ለግራቪቲ የሚያካፍለው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። ኦፕንሲዝ ግን ሜትርም አያውቅም፣ ቶንም አያውቅም፤ በሰጠሽው ቁጥር ሒሳቡን ይሠራል፣ አለቀ። መልእክት ያላየሽውም ለዚህ ነው፤ በእሱ በኩል ምንም የተሳሳተ ነገር የለም። በኪሎኒውተን፣ በሜትርና በሰከንድ ከሠራሽ ማስ የሚጻፈው በቶን ነው። በኒውተንና በሚሊሜትር ብትሠሪም ቶን ነው። በኒውተንና በሜትር ከሆነ ግን ኪሎግራም ይሆናል።

አሁን በይነ ገጹ የጻፈውን የቲክል ፋይል፣ ማለት የኦፕንሲዝ ትእዛዞች የተጻፉበትን፣ በኖትፓድ ክፈቺው። አንዳንዱ በይነ ገጽ መለኪያውን ራሱ ይለውጣል፣ አንዳንዱ ያስገባሽውን እንዳለ ያስተላልፋል፤ ያንቺ የትኛው እንደሆነ የሚለየው እዚህ ነው። «ማስ» በሚል የሚጀምሩትን መስመሮች ፈልጊ። በሦስት አቅጣጫ ሞዴል ከኖዱ (ቢምና ኮለን ከሚገናኙበት ነጥብ) ቁጥር ቀጥሎ ስድስት ቁጥሮች ይደረደራሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የኤክስ፣ የዋይና የዜድ ናቸው። አንድ ኖድ 20 ካሬ ሜትር ስላብ የሚሸከም ከሆነና በካሬ ሜትር 8 ኪሎኒውተን ካለ፣ ክብደቱ 160 ኪሎኒውተን፣ ማሱ 16.3 ቶን ነው። መስመሩ ላይ 160 ካነበብሽ ጥፋቱን አገኘሽው።

እዚያ ደህና ከሆነ ወደ ቢምና ኮለኑ እለፊ። በኤለመንት ላይ የሚሰጠው ማስ በርዝመት ነው። 40 በ40 ኮለን በሜትር 4 ኪሎኒውተን ይመዝናል፣ ማሱ ግን 0.41 ቶን ብቻ ነው። በዚያው ይህ ማስ በኖዱም በኤለመንቱም ሁለቴ እንዳልተቆጠረ እዪ።

ካስተካከልሽ በኋላ በዚያው በይነ ገጽ አንድ ኮለን ብቻ ሳዪ። ቁመቱ 3 ሜትር፣ 40 በ40፣ የኮንክሪቱ ኢ (ኢላስቲክ ሞዱለስ) 30 ጊጋፓስካል፣ ከታች የታሰረ፣ ከላይ በኤክስና በዋይ 10 ቶን፤ የራሱን ማስ ተይው፣ ኤለመንቱንም ኢላስቲክ አድርጊው። በእጅ ስትሠሪው ስቲፍነሱ 7111 ኪሎኒውተን በሜትር፣ ፔሬዱ 0.236 ሰከንድ ነው። 0.738 ካለሽ ግራቪቲው አሁንም ውስጡ አለ። አንድ ነገር ልብ በዪ፤ የኦፕንሲዝ «አይገን» ትእዛዝ የሚመልሰው ፔሬድ ሳይሆን የኦሜጋን (የመወዛወዝ አንግላዊ ፍጥነት) ስኩዌር ነው፣ እዚህ 711 አካባቢ ማየት አለብሽ። ፔሬዱን በይነ ገጹ ካላሰላልሽ ሁለት ፓይን ለዚያ ቁጥር ስኩዌር ሩት ታካፍያለሽ።

ይኸው ማካፈል ሌላም ያሳያል። የኢታብሱ ፔሬድ በ1.4 እጥፍ ከበለጠ፣ ኢታብስ ላይ በኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ኮድ በኢኤስ ኢኤን 1998 መሠረት ስለ ስንጥቅ ስቲፍነሱን በግማሽ ቀንሰሽ ኦፕንሲዝ ላይ ሙሉውን ትተሽው ይሆናል። የመጀመሪያው ሞድ (ሕንፃው የሚወዛወዝበት ቅርጽ) ከኤክስ ወደ ዋይ ከዞረ ደግሞ ኮለኖቹን እዪ። 30 በ60 ኮለን ዘጠና ዲግሪ ሲዞር በአንዱ አቅጣጫ ያለው ስቲፍነስ በአራት እጥፍ ይለያያል፣ ኦፕንሲዝም የኮለኑን አቀማመጥ የሚያውቀው «ጂኦምትራንስፍ» ላይ ከምትሰጪው ቬክተር ብቻ ነው። ሦስት ቁጥሮችን አንብቦ ኮለን ወዴት እንደዞረ መገመት ለማንም ከባድ ነው፤ ሴክሽኑን በሙሉ ቅርጹ የሚያሳይ በይነ ገጽ ግን ወዲያው ያጋልጠዋል። ለእኔ የበይነ ገጽ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

የትኛውን ላልሽው፦ ኦፕንሲዝ በበርክሌይ ከፍራንክ ማኬና የዶክትሬት ሥራ ተነስቶ ሲያድግ በትእዛዝ የሚሠራ ሆኖ ነው የመጣው። ከፊቱ የሚቀመጠው በይነ ገጽ ሁሉ ትእዛዙን የሚጽፍልሽ ጸሐፊ ነው። ስለዚህ የጻፈውን ፋይል የማያሳይሽን አልመክርሽም። ከኢጣሊያው አስዲያ የመጣው ኤስቲኬኦ ካየኋቸው ሁሉ የበረታ ነው፣ ግን ይከፈልበታል፤ ለተማሪ በውጭ ምንዛሪ መክፈል እንዴት እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ። የተሰሎንቄው አሪስቶትል ዩኒቨርሲቲ ጂድ ለሚባለው የሞዴል መሳያ ፕሮግራም የሠራው ማያያዣ ነፃ ነው፣ ጂድ ራሱ ግን ሞዴሉ ሲተልቅ ፈቃድ ይጠይቃል። ናቪጌተር የሚባለው ሌላው በይነ ገጽ በማትላብ የተሠራ ነው።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ኦፕንሲዝፓይን ከኦፕስቪስ ጋር እመርጥልሻለሁ። ሁለቱም ፓይተን ላይ ናቸው፣ ክፍያ የላቸውም፤ ኦፕስቪስ ሞዴሉንና የሞድ ቅርጹን ይስልልሻል። ኮድ አልችልም ያልሽው አያስፈራሽ፤ ግሪዱ የተስተካከለ ጂ+4 ፍሬም ማለት አንድ ቢምና አንድ ኮለን እየደጋገመ የሚጽፍ ሉፕ ነው። ማሱን ለግራቪቲ የምታካፍይበት መስመርም አንድ ቦታ ብቻ፣ በራስሽ እጅ የተጻፈ ይሆናል።

ወደ ፑሾቨር ከመሄድሽ በፊት ፋይሉ ውስጥ ሁለት ነገር እዪ። ስላቡን በሪጂድ ዳያፍራም (በአግድም እንደ አንድ አካል እንዲንቀሳቀስ) ካሰርሽ እስራቱን የሚያስፈጽመው የኮንስትሬይንት ሃንድለር «ፕሌይን» መሆን የለበትም፣ «ትራንስፎርሜሽን» አድርጊው። ከግራቪቲው አናሊሲስ ቀጥሎ ደግሞ «ሎድኮንስት» የሚለው መስመር ጊዜውን ወደ ዜሮ መልሶ መኖር አለበት። እሱ ከሌለ ሕንፃውን ወደ ጎን በገፋሽው ቁጥር የግራቪቲ ጭነቱም አብሮ ይለዋወጣል፣ የፑሾቨሩ ከርቭም የሕንፃሽ አይሆንም።