ወንበሩ ቤቱን አጣበበ፣ ልጁም ይንሸራተታል

«ልደታ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ቤት ነው የምንኖረው። ልጄ 7 ወሩ ነው፤ ምግብ ከጀመረ አንድ ወር ሆነው። አክስቴ የሰጠችን ታጣፊ የልጅ ምግብ ወንበር አለ። እግሮቹ የብረት ቱቦ፣ መቀመጫው ፕላስቲክ ነው። ሲዘረጋ በሶፋውና በኩሽናው መሃል ማለፊያ የለም። ልጁ ትሪው ላይ ሲደገፍ ወንበሩ ቀጭ ይልና ወደ ግራ ያዘነብላል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ተንሸራቶ አገጩ ትሪው ላይ ይደርሳል፤ ያለቅሳል፣ ምግቡን ይተፋል። ባለቤቴ መገጣጠሚያውን በሽቦ አስሮታል። በእግሮቹ መሃል የሚያልፈው ቀበቶ ሲሰጡንም አልነበረውም። ይህንን ጥለን ጠረጴዛ ላይ የሚንጠለጠለውን ብንገዛ ይሻላል? ጠረጴዛችን መስታወት ነው፤ አራት ቀጫጭን የብረት ወንበሮች አሉት።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ቤቱ ጠበበ ያልሽው ብዙም አላስጨነቀኝም። ስቱዲዮ ውስጥ ምን ያልጠበበ አለ? ያስጨነቀችኝ «ቀጭ» የምትለዋ ድምፅ ናት።

ወንበሩን አላየሁትም። ግን ቀጭ ብሎ ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ታጣፊ ወንበር እኔ የጥገና ሱቅ ሲመጣ ጥፋቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ ሁለቱ እግሮች ተሻግረው የሚገናኙበት ሪቬት ላይ፣ ማለትም ሁለቱን ቱቦ የምታያይዘው ጫፏ የተደፈጠጠ አጭር ብረት ላይ። የሪቬቱ ቀዳዳ ሰፍቷል። ልጁ ሲደገፍ ቱቦው ትንሽ ይሸሻል፣ ቀጭ ይላል፤ ሲመለስ ዝም ይላል። ያንቺ የግራው ነው እላለሁ። ባለቤትሽ በሽቦ ያሰረውም እዚያው ጋ መሆን አለበት፤ ሰው ሽቦ የሚያስረው ሲንቀሳቀስ ያየውን ነገር ነው።

መንሸራተቱ ግን ከሪቬቱ ጋር አይገናኝም። የመሃል ቀበቶ የለም፣ እግሩም የሚያርፍበት ያለው አይመስለኝም። ምግቡን የሚተፋው ጠልቶት አይመስለኝም። አገጩ ትሪ ላይ ደርሶ ማን ይውጣል?

አሁን ለጥያቄሽ። የሚንጠለጠለውን አትግዢ። ጠረጴዛሽ መስታወት ነው፣ አለቀ። ያ ወንበር የሚይዘው የጠረጴዛውን ጠርዝ ከላይና ከታች ጨምቆ ነው። ልጁ በተወራጨ ቁጥር ጭነቱ በሙሉ ያቺ ጠርዝ ላይ ያርፋል። ለመስታወት አይሆንም። መሃሉ ላይ አንድ እግር ብቻ ላለው ጠረጴዛም አይሆንም፣ ለታጣፊም፣ ለቀላል የፕላስቲክም። የጠረጴዛ ልብስ ሳይነሳ ከታሰረ ደግሞ ይንሸራተታል። ከባድ የእንጨት ጠረጴዛ፣ አራት እግር ያለው፣ ልጁም ወንበሩ ላይ ከተጻፈው ኪሎ ያላለፈ ከሆነ ጥሩ ነገር ነው፤ መሬት ላይ አንዲት ሴንቲ ሜትር አይነካም። እንደዚያ ያለ ጠረጴዛ ያላት ጎረቤት ካለሽ ለሷ ንገሪያት።

ስለዚህ መጀመሪያ ያለሽን እንየው። ወንበሩን ገልብጪና ሽቦውን ፍቺ። ፒንሳ በቂ ነው። በአንድ እጅሽ አንዱን እግር ያዢ፣ በሌላው ሌላውን ግፊ። ሪቬቱ ዙሪያ ጥቁር የብረት ዱቄት ካየሽ ግምቴ ልክ ነው። የሪቬቱን ጭንቅላት በትራፓኖ ብሱ፣ ቀዳዳውን በ6 ቁጥር ፑንታ አጽዱት፣ 6 ሚሊ ብሎን አግቡ፤ በሁለቱም በኩል ሮንዴላ፣ ውስጡ ናይሎን ያለው ዳዶ። ተራ ዳዶ አታድርጉ፤ ወንበሩ በታጠፈና በተዘረጋ ቁጥር ይላላል። እስኪጨርስ አታጥብቁ፣ መታጠፍ አለበት። የቀኙንም አብራችሁ ቀይሩ። አንዱ ካለቀ ሌላውም መንገድ ላይ ነው።

እነዚህን ሪቬቶች ስለሚያመርቱት ሰዎች ብዙ ብናገር ጋዜጣ አያወጣውም። ሙሉ ወንበር ሠርተው፣ ቀለም ቀብተው፣ ድብ ሥለውበት፣ ልጅ የሚሸከመውን መገጣጠሚያ እንደ ቆርቆሮ በሚላላ ባዶ አሉሚኒየም ይዘጉታል። አስተካካዮቹም ከዚያ አይሻሉም። አንድ አባት ተመሳሳይ ወንበር በብየዳ አስጠግኖ አመጣልኝ። ቱቦው 1 ሚሊ እንኳን የማይሞላ ግድግዳ ነው ያለው፤ በወፍራም ኤሌክትሮድ ሲነኩት ይበሳል። በያጁ ቀዳዳውን በብየዳ ሞልቶ፣ በላዩ ብር ቀለም ቀብቶታል። ያምር ነበር። በጉልበቴ ጫን ስለው ብየዳው ጠርዝ ላይ እንደ ሸንኮራ ተቆረጠ። አስሩ ቢባል ሽቦ፣ ይጣበቅ ቢባል ሱፐር ግሉ፣ ይበየድ ቢባል ይኼ! ቀጭን ቱቦ በብሎን ነው የሚያያዘው።

የመሃሉን ቀበቶ ቦርሳ የሚሰፋ ሰው ይሠራልሻል። 2 ሴንቲ ተኩል ስፋት ያለው የሻንጣ ማንገቻ ጥብጣብ ይበቃል። ነገር ግን ጨርቁ ላይ አይሰፋ። በመቀመጫው ፕላስቲክ ቀዳዳ ወርዶ ከታች በቱቦው ዙሪያ ይዙር፤ ስፌቱም አራት ማዕዘን ሆኖ መሃሉ ላይ መስቀል ይኑረው። ትሪው ቀበቶ አይደለም። ብዙ ወላጅ ትሪውን ቀጭ አድርጎ ከዘጋ በኋላ ልጁ የታሰረ ይመስለዋል። ልጅ ከትሪው ሥር ሾልኮ ይወርዳል፤ ገላው ያልፍና ጭንቅላቱ ይቀራል። ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ ገብቶሻል።

አሁን ወደ ቦታው ጉዳይ። እዚህ ጋ ትንሽ ታገሺኝ፣ የምወደው ነገር ነው።

ጀበና አስቢ። ሆዷ ድብልብል፣ ታችዋ ክብ። ብቻዋን ጠረጴዛ ላይ ብታቆሚያት ትገለበጣለች። ማቶቷ ላይ ስትሆን ግን ቀጥ ብላ ትቆማለች። ለምን? ማቶቱ ክብደት አልጨመረላትም፤ የጨመረላት የምትቆምበትን ስፋት ነው። ማንኛውም ዕቃ የክብደቱ መሃል አለው። ከዚያ መሃል አንድ ክር ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ሲወርድ ይታይሽ፣ የግንበኛ ቱንቢ እንደሚወርደው። ክሩ በማቶቱ ቀለበት ውስጥ እስከወረደ ድረስ ጀበናዋ ብትወዛወዝም ትመለሳለች። ክሩ ከቀለበቱ የወጣ ለታ ቡናው ረከቦቱ ላይ ነው።

የልጅ ወንበርም ማቶት አለው። አራቱ እግሮች መሬት የነኩባቸውን ነጥቦች በኖራ ብታገናኚያቸው የሚወጣው ሳጥን ማቶቱ ነው። የልዩነቱ ነገር፣ ጀበና ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ ልጅ ግን ወደ ኋላ ይወረወራል፣ የወደቀ ማንኪያ ለማየት ወደ ጎን ይንጠለጠላል። ጭንቅላቱም ለገላው ከባድ ነው፣ ያውም ከላይ። ወንበሩ ረዥም በሆነ ቁጥር ያ ክር በትንሽ ማዘንበል ሩቅ ይሸሻል። የክብደቱ መሃል ከመሬት 80 ሴንቲ ላይ ያለ ወንበር 10 ዲግሪ ቢያዘነብል ክሩ ወደ 14 ሴንቲ ይሄዳል። 40 ሴንቲ ላይ ያለው ግን 7 ብቻ። ይህን ያሰላልኝ ልጄ ነው፤ የ11ኛ ክፍል ትምህርት ለአንድ ነገር ጠቀመን። እና ሱቅ ውስጥ «ለጠባብ ቤት» ብለው የሚሸጡልሽ ረዥምና ቀጭን ወንበር ቦታ የቆጠበው ከየት ይመስልሻል? ከማቶቱ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቢ ሜትር ያዢ። የእግሮቹ ስፋት ከመቀመጫው ስፋት በሁሉም በኩል መብለጥ አለበት። ከላይ ቆመሽ ወደ ታች ስታዪ እግሮቹ ከትሪው ጠርዝ ወጥተው መታየት አለባቸው። ከዚያ በመዳፍሽ ትሪውን ወደ ታች፣ መደገፊያውን ወደ ኋላ ጫን በዪ። ሻጩ «ኧረ እመቤት ይሰበራል» ካለሽ ጥሩ፣ መልሱን ሰጠሽ።

ላንቺ ቤት እኔ የማስበው ዝቅ ያለ ወንበር ነው። ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ እኛ ድሮስ በርጩማ ላይ ተቀምጠን መሶብ ዙሪያ አይደል የምንበላው? አንቺ በርጩማ ላይ፣ ልጁ ፊትሽ። የያዝሽው ወንበር መቀመጫው ካልተሰነጠቀ ከቱቦው ፈትተሽ አጭር የእንጨት እግር አሠሪለት። መቀመጫው ከመሬት 25 ሴንቲ፣ እግሮቹ ወደ ውጭ ከፈት ብለው መሬት ላይ 50 በ50። ከዋንዛ ቢሆን ደስ ይለኛል። ቺፕውድ እንዳታስነኪው፤ ገንፎና ውሃ አብጦ እንዲፈርስ ነው የሚያደርጉት። ምግቡ ሲያበቃ መስታወቱ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ መተላለፊያሽም ይመለሳል። ይህን ካደረግሽ የሪቬቱ ሥራ ሁሉ ይቀርልሻል፤ ትራፓኖ ከመዋስ ትድኛለሽ። የመሃሉ ቀበቶ ግን እንጨቱ ላይም አይቀርም። በትልቅ ሰው ወንበር ላይ የሚታሰረውን ትንሽ የልጅ መቀመጫ እንዳልመክርሽ ያደረገኝ ቀጫጭን ወንበሮችሽ ናቸው። እሱ አንዱ ቀበቶ በመደገፊያው፣ ሌላው ከመቀመጫው ሥር ዞሮ የሚታሰር ነው፤ ጥሩ የሚሆነው ወንበሩ ከባድና ሰፊ ሲሆን ነው። ሶፋ ላይ ደግሞ በጭራሽ።

ያልረሳሁት የእግሩ ነገር አለ። መደገፊያ የሌለው ረዥም ወንበር ላይ፣ ጭማቂ ቤት ውስጥ እንደሚቀመጡት፣ እግርሽን አንጠልጥለሽ እንጀራ ብይ። እግሩ የሚያርፍበት ያጣ ሰው በወገቡ ይንሸራተታል። ጉልበቱ ታጥፎ፣ ውስጥ እግሩ በሙሉ ሳንቃ ላይ ይረፍ። ሳንቃው ከወንበሩ ጋር የተያያዘ፣ ልጁ ሲያድግ ዝቅ የሚል ይሁን። ኖርዌያዊው ፒተር ኦፕስቪክ እ.ኤ.አ. በ1972 ትሪፕ ትራፕ የሚባለውን ወንበር የሠራው ይህንኑ አስቦ ነው፤ መቀመጫውም የእግር ማረፊያውም እንደ መሳቢያ ከፍ ዝቅ ይላል። አንዱን ጠግኜ አውቃለሁ። እንጨቱን ሳየው ቀናሁ። መሬት ላይ ካርቶን ወይም ጣውላ አስቀምጠሽ ግን እግሩን እንዳታስደግፊ፤ ገፍቶበት ወደ ኋላ ይሄዳል። ለዚያው ምክንያት ወንበሩን ከግድግዳና ከጠረጴዛ አርቂው፣ እግሩ የማይደርስበት ድረስ።

የመቀመጫው ጥልቀት ለ7 ወር ልጅ ብዙ ጊዜ ይበዛል። ጀርባው ሳይነካ ጉልበቱ ጠርዙ ጋ ከደረሰ ፎጣ አጥፈሽ ከኋላው አድርጊ። ከሥሩ ሳይሆን ከኋላው። ከሥሩ የሚደረግ ፎጣ ያንሸራትታል።

ቤቱ አንድ ክፍል ስለሆነ ወንበሩ የትም ቢሆን ለምድጃው ቅርብ ነው። ቢያንስ የምጣዱና የውሃ ማፍያው ገመድ እጁ አይድረስ። ቡና ሲፈላ ከሰሉ በዚያ በኩል፣ ልጁ በዚህ። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ በረንዳውና መስኮቱ አጠገብ በፍጹም አታስቀምጪው።

መሬታችሁ ሴራሚክ ከሆነ አንድ ነገር አጣሪ። ወንበሩ ሲያነክስ ወዲያው እግሩን አትቁረጡ። ወረቀት በየእግሩ ሥር አሳልፊ፤ የሚያልፍበት እግር ላይ በፓርከር ምልክት አድርጊ። ከዚያ ወንበሩን ሩብ ዙር አዙሪው። አሁንም ወረቀቱ በምልክቱ እግር ሥር ካለፈ ጥፋቱ የወንበሩ ነው። ቦታው ያው ሆኖ እግሩ ከተቀየረ ሴራሚኩ ነው፣ ያኔ ወንበሩን ወደ ሌላ ቦታ ውሰጂው። ስንት ሰው ደህና እግር ቆርጦ መጥቶብኛል! ጎማው የወለቀ ከሆነ የቱቦውን የውጭ ስፋት ለክታችሁ መርካቶ ውሰዱት፤ ቁጥሩን ሳትይዙ ከሄዳችሁ ሁለቴ ነው የምትሄዱት።

ዝቅ ባለውም ቢሆን፣ ለሁለት ማንኪያም ቢሆን፣ መጀመሪያ የመሃሉ ቀበቶ፣ ቀጥሎ የወገቡ፣ መጨረሻ ትሪው። ትሪው ቀበቶ አይደለም። ቀበቶው እስኪሰፋ ድረስ ጭንሽ ላይ አብይው፣ አንድ ሳምንት ምንም አይደለም።

ሽቦውን ደግሞ እስከ ቅዳሜ አታቆዩት። ዛሬ ማታ ፍቱት። የተጠማዘዘ ሽቦ ጫፉ አንድ ቀን ዞሮ የልጁ ጭን ጋ ይደርሳል።