«ብሩ ደረሰ ወይ?» እያልን ያለቁት እሑዶች

ውጭ አገር 22 ዓመት ኖሬያለሁ። አዲስ የሚመጣውም ሁሉ እኔ በወደቅኩበት ሲወድቅ አያለሁ። ስለዚህ ሳላለዝብ ልናገር።

1. ወረቀት። ቀኑን አታሳልፉ፣ ያልገባችሁን አትፈርሙ። በቃ።

2. ብር። ላኩ፣ ግን ጠይቁ። ደብረ ብርሃን ላይ አጥሩ ብቻ ቆሞ የቀረ ቤት አለኝ። ስንት ዓመት የላብ ገንዘብ እንደበላ አልነግራችሁም።

3. ድምፅ። እዚህ ላይ ነው የምቆጣው።

እናቴ የመንዝ ሰው ነበረች። የመንዝ የጋራ መሬት የሆነው የጓሳ ሣር ለዓመታት ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት፣ ማን እንደሚፈቅድ፣ ከልክል ጥሶ ያጨደ ምን እንደሚደርስበት፣ የጥንቶቹ አቅኚ አባቶች የአስቦና የጌራ ልጆች አጽመ ርስቱን እንዴት እንደሚካፈሉ ከአባቷ ሰምታ ታውቅ ነበር። ያ ደንብ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ተናጋ፤ ዝርዝሩ የቀረው በእንደሷ ዓይነት ሰዎች አፍ ነው። እኔ ግን በየእሑዱ ደውዬ የምጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ብሩ ደረሰ ወይ?» አሁን እሷ የለችም። ያለኝ ፎቶና የሐዋላ ደረሰኝ ነው። ልጄ የአያቷን ተረት ንገረኝ ስትለኝ እጀምርላትና መሃል ላይ ይጠፋብኛል።

የገዳማትና የአድባራት ብራና ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም ሲነሳ ነበር፤ ዛሬ ብዙው በኢንተርኔት ይነበባል። የእናትህን ሙሾና እንቆቅልሽ ማን ያንሳልህ? አልዩ አምባ ሂድና እይ፣ እዚያ አብዛኛው አርጎባ የራሱን ቋንቋ ትቶ አፉን የሚፈታው በአማርኛ ነው። ቋንቋ እንዲህ ነው የሚሄደው፣ አንድ አዛውንት ባለፉ ቁጥር።

እና ምን ላድርግ ትለኛለህ። አገር ቤት ያለችውን የአክስትህን ልጅ ስልኳን ከአዛውንቶቹ አፍ አጠገብ እንድታስቀምጥ ንገራት። መጀመሪያ ስማቸውን፣ ቀኑንና መንደሩን ይናገሩ። ፈቃድ ጠይቁ! የመድኃኒቱን ሥር አልናገርም ካሉ አትቅዱ፣ ለቤተሰብ ብቻ ይሁን ካሉም ዩቲዩብ ላይ አትልቀቁት። ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚቀር የሚወስኑት እነሱና መንደራቸው ናቸው እንጂ ብር የላከው አይደለም። ቅጂው በአንድ ስልክ ብቻ አይቅር፤ አንዱ አንተ ጋ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ በተዘጋ ቦታ፣ አንዱ የግድ እዚያው መንደር፣ ትምህርት ቤቱ ወይም እድሩ ጋ ይቀመጥ። ወደ ጽሑፍ ስትገለብጡት ደግሞ የመንዙን አነጋገር አዲስ አበቤ አታድርጉት፣ እባካችሁ! እንዳሉት ጻፉ።

4. ልጆች። ያንኑ ድምፅ መኪና ውስጥ ክፈቱላቸው።

የፊታችን እሑድ ደውሉ። ብሩን አታንሱ። «ጓሳው ሲከፈት ማን ነበር የሚጠራችሁ?» በሉና መቅጃውን ከፍታችሁ ዝም በሉ።